መጽሐፉ ተረኛ ቤት ገባ

ክረምት ሲመጣ ገበሬው ስለ ዘሩ ያስባል፤ ነጋዴው ስለ መንገዱ ያስባል፤ እኔ ደግሞ ስለ አምስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጭንቅላት አስባለሁ። ከሦስታችን ቆሽቱ ይበልጥ የሚያርረው ማን እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ ረጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ብሶቴ አጭር አይደለም።

የማስተምረው ማንኩሳ ነው። ከፍኖተ ሰላም ተነስታችሁ ወደ ቡሬ ስትሄዱ፣ ትንሽ ሸለብ ካደረጋችሁ ሳታዩን ታልፋላችሁ። እኛ ግን አለን። አማርኛ አስተምራለሁ። ሰኔ ላይ «ዝናብ» የሚለውን ቃል አንብቦ የሸኘሁት ልጅ፣ መስከረም ላይ «ዝ... ዝ... ዝ...» እያለ እንደ ንብ ይመለስልኛል። በመሀል ምን ሆነ? ክረምት ሆነ! ግማሾቹ ገጠር ዘመድ ቤት ሄደው አረም ያርማሉ፤ ግማሾቹ ከብት ይዘው ይውላሉ፤ የቀሩት ደግሞ የታላቅ ወንድማቸው ስልክ ላይ ተደፍተው ሰው ሲወድቅ እያዩ ይስቃሉ። ወላጆችን «እባካችሁ ልጆቹን በክረምት አስነብቧቸው» ስላቸው «እሺ መምህር» ይሉኛል። በእኛ አገር «እሺ» ሰላምታ እንጂ ስምምነት እንዳልሆነ ለመረዳት ብዙ ዘመን ፈጅቶብኛል።

ዘንድሮ ደግሞ የባሰ ጭንቀት ነበረብኝ። አትጠገብ የምትባል ተማሪ አለችኝ። እስከ አምስተኛ ክፍል ሳታነብ ነው የደረሰችው። እንዴት አትሉም? ሌላው ልጅ ሲያነብ እየሰማች ትሸመድደውና ተራዋ ሲደርስ ዓይኗን መጽሐፉ ላይ ተክላ ልቅም አድርጋ ትወጣዋለች። ያወቅኩባት መጽሐፉን ገልብጣ ይዛ ያነበበችልኝ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ከክፍል ስንወጣ እያስቀረሁ ከሀ ሁ ጀመርን። ግንቦት ላይ፣ ምን እንደነካት አላውቅም፣ ፊደሎቹ ተያያዙላት። አንድ መስመር ሙሉ አነበበችና ሌላ ሰው ያነበበ ይመስል ዞር ብላ አየች። እኔ ጠመኔ ላምጣ ብዬ ከክፍል ወጣሁ። ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ነበር።

ይኼ ገና ያልጠና ነገር ነው። ክረምቱን ሙሉ ካልተነካ እንደሚጠፋ እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። እናቷ እትዬ ደብሬ ልጃቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው፤ በአረም ጊዜ የሰው ማሳ ያርማሉ፤ በእሸት ጊዜ መንገድ ዳር በቆሎ ይጠብሳሉ። ሰኔ ላይ ቁርጡን ነግረውኛል። «መምህር፣ ትምህርቱ ካልገባት ዕድሜዋን ለምን ታባክናለች? ቡሬ ያለችው አክስቷ የቤት ሥራ የምታግዛት ልጅ ትፈልጋለች። መስከረም ላይ አይተን እንልካታለን።» መስከረም ላይ «ዝ... ዝ...» ካለች አለቀላት ማለት ነው።

መጽሐፍ ስጣትና ታንብብ ትሉኝ ይሆናል። እሱማ ለእኔም ታይቶኝ ነበር! የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ ቁም ሳጥን ነው። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ያለው አንድ መምህር ዘንድ ነው። መምህሩ ለክረምት ኮርስ ባሕር ዳር ሲሄድ ቁልፉን በኪሱ ይዞት ሄደ። ደወልኩለት። «ውይ!» አለኝ። ከ«ውይ» ሌላ ምንም አላተረፍኩም። በእጄ የቀረው፣ ቀደም ብዬ ተውሼው የነበረ አንድ ወፍራም የተረት መጽሐፍ ብቻ ነው። ሽፋኑ ስለተገነጠለ ርእሱን እንኳ የሚያውቅ የለም።

አንድ መጽሐፍ፣ ለአንድ ክፍል ሙሉ ልጅ። አሰብኩ፣ አሰብኩና በዓመቱ መጨረሻ የወላጆች ስብሰባ ላይ ደረቴን ነፍቼ ተነሳሁ። «ወላጆች ሆይ፣ እንደ ጽዋ ማኅበር ለምን አናደርገውም? ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞር የለ? መጽሐፉም ይዙር! ተረኛው ቤት ልጆቹ ተሰብስበው ያንብቡ፤ ሲጨርሱ ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክቡ።»

ስብሰባው ሞቅ አለ። የእኛ ወላጆች በስብሰባ ላይ ሞቅ ብለው አያውቁም፤ ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። ጋሽ አንለይ ተነሱ። ጋሽ አንለይ የበቅሎና የከብት ነጋዴ ናቸው፤ ልጃቸው እኔ ዘንድ ይማራል፤ እሳቸው ካልተናገሩ የማንኩሳ ስብሰባ አይዘጋም። «መምህር፣ ዛሬ ገና ቁም ነገር ተናገርክ» አሉ። «ገና» የምትለዋን ዋጥ አድርጌ ደስ አለኝ።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ በኩራት ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ማኅበር ነው ያልካቸው?»

«እንደ ማኅበር ነው ያልኳቸው።»

«በቃ፣ ጉድህ ፈላ» አለችኝና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ማብራሪያ ብጠይቃት «ታየዋለህ» ብላ ዘጋችኝ። ሴቶች አንዳንድ ጊዜ ሲናገሩ ይቅናህ ማለት አያውቁም ብዬ ተቀየምኳት።

ዕጣ ወጣ። የመጀመሪያዋ ተረኛ ወይዘሮ የሺ ሆኑ፤ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ፣ እጃቸው የማይሰስት ሴት ናቸው። በቀጠሮው ቀን ጭቃውን እየዘለልኩ ሄድኩ። ለልጆቹ መቀመጫ ሰሌን ይነጠፍ ይሆናል፤ ቢበዛ ቆሎ ይኖራል ብዬ ነበር። ግቢው በር ላይ ስደርስ ዳስ ተጥሏል! ከዳሱ ውስጥ የሰው ጫጫታ ይሰማል። እንጀራው በመሶብ፣ ጠላው በጋን፣ ዶሮው በድስት። ቄጠማ ተጎዝጉዟል። እናት፣ አባት፣ አክስት፣ የአክስት ጎረቤት፣ ሁሉም አለ። መጽሐፉስ? መጽሐፉ ከፍ ባለች ጠረጴዛ ላይ፣ በአዲስ ነጭ ሻሽ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እኔ በሠርጌ ዕለት እንደዚያ አልለበስኩም።

ተማሪዎቼን በዓይኔ ፈለግኳቸው። አንዷ ወጥ ታቀርባለች፤ አንዱ ብርጭቆ ያነሳል፤ አትጠገብ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ትዞራለች። እኔም ዘንድ መጣችና ውሃ እያፈሰሰችልኝ በሹክሹክታ «ቲቸር፣ መቼ ነው የምናነበው?» አለችኝ።

«ከምግብ በፊት እናነባለን» አልኳትና ድምፄን ከፍ አድርጌ «እንግዲህ ወላጆች፣ ማዕዱ ሳይነሳ ትንሽ ብናስነብብ...» ማለት ከመጀመሬ ጋሽ አንለይ ቆጣ አሉ። «ምነው መምህር! ሰው እየራበው ንባብ ምን ይገባዋል? መጽሐፉ እንደሆነ የትም አይሄድ!»

በላን። ከምግብ በኋላ ደግሜ ሞከርኩ። «አሁን ደግሞ ሰው ጠግቦ ንባብ ምን ይገባዋል?» አሉኝ። አንድ ልጅ ቀስ ብሎ ሻሹን ሊገልጥ ሲል ወይዘሮ የሺ እጁን ቸብ አደረጉት። «አንተ! በዚህ በወጥ እጅህ?» ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ። እኔም ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ሲመሻሽ መጽሐፉ ከነሻሹ፣ ከነክብሩ፣ በእልልታ ለቀጣዩ ተረኛ ተላለፈ። አንድ ገጽ አልተገለጠም።

ባለቤቴ በር ከፍታልኝ ፊቴን አየችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። መናገሩ ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስነግራችሁ ያጋነንኩ ይመስላችኋል። የጽዋ ማኅበር አለቃ ሙሴ ይባል የለ? ጋሽ አንለይ ሳይመረጡ ሙሴ ሆኑ። ሙሴ ሲኖር ደንብ ይኖራል፤ ደንብ ሲኖር ቅጣት ይኖራል፤ የቀረ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ እንዲያገባ ተወሰነ። መጀመሪያ የተቀጣሁ እኔ ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነው ብል የሚሰማኝ ጠፋ። መሥራቹ እኔ፣ ተቀጪውም እኔ! ሁለተኛው ተረኛ የወይዘሮ የሺ ድግስ እንቅልፍ ነስቶት ኖሮ፣ ሽንዲ ድረስ ሰው ልኮ ማር አስመጥቶ ጠጅ ጣለ። ሦስተኛዋ ተረኛ የሁለተኛውን ጠጅ አይታ የነፍስ አባቷን ጠራች። ቄሱ መጥተው ማዕዱን ሊባርኩ ተነሱና «የማን ማኅበር ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «የ... የንባብ ነው አባ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እኔ የምባርከው ማዕዱን ነው፤ ሌላውን እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ባረኩ። ከሁላችንም ብልህ እሳቸው ነበሩ።

የጋሽ አንለይ ተራ ሲደርስማ ተዉት። ሙክት ታረደ። መጽሐፉ ዝናብ እንዳይነካው በትልቅ ጃንጥላ ተይዞ፣ ፊት ፊቱ ሴቶች እልል እያሉ፣ ወንዶች እያጨበጨቡ ዋናውን መንገድ አቋርጦ ገባ። እኔ ከኋላ እየበሰበስኩ ተከተልኩ። ለመጽሐፉ እንጂ ለመምህሩ ጃንጥላ ያሰበ የለም። የቡሬ መኪና ቆሞ ተሳፋሪው በመስኮት «የማን ንግሥ ነው?» እያለ ይጠይቃል። የጋሽ አንለይ ትልቁ ልጅ ይህን ሁሉ በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። በማግስቱ ርዕሰ መምህራችን ከፍኖተ ሰላም ደወለልኝ።

«አንተ ሰው፣ ምንድን ነው እንዲህ ያለ ሥራ! ሕዝቡ እኮ ለንባብ በእልልታ ወጥቷል! ለመሆኑ ልጆቹ የት ደረሱ?»

«እየ... እየገፋንበት ነው» አልኩት። ምን ልበለው? ሻሹ ላይ ደርሰናል ልበለው?

በየድግሱ አትጠገብ ማስታጠቢያዋን ይዛ ትመጣለች። በየድግሱ ትጠይቀኛለች። «ቲቸር፣ ዛሬስ?» እኔም በየድግሱ «ዛሬማ» እላታለሁ። መጨረሻ ላይ መጠየቋን ተወች። ውሃውን አፍስሳልኝ ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈች። ያን ቀን የቀረበልኝን ቅልጥም ሳልነካው ተነሳሁ።

ከዚያ ተራው እትዬ ደብሬ ቤት ደረሰ።

ተራው እንደደረሳቸው በተነገራቸው ማግስት አትጠገብ ከዓይኔ ጠፋች። መንገድ ላይ ሳገኛት ዓይኗን ሰበረችና «እናቴ ከእንግዲህ ማኅበር አትሂጂ ብላኛለች» አለችኝ። ደሜ ፈላ፤ ግን በማን ላይ እንደሚፈላ አላወቅኩም። በቀጥታ እናቷ ዘንድ ሄድኩ። ቤታቸው ከከተማው ጫፍ፣ ጭቃው ጫማ በሚያስቀርበት በኩል ነው። የእኔንም አንዱን አስቀርቶት ተመልሼ አወጣሁት። እትዬ ደብሬ ከአረም ገና መመለሳቸው ነበር፤ ደጃፋቸው ላይ እግራቸውን ይታጠባሉ።

«ይግቡ መምህር። ሊቆጡኝ እንደመጡ አውቄያለሁ።»

«ኧረ አልቆጣም እትዬ ደብሬ። ልጅቱ ግን መቅረት የለባትም።»

«እንግዲያ ምን አድርግ ይሉኛል? አንለይ ሙክት አረደ። የሺ ዳስ ጣለች። እኔ ምን ልጣል? ይችን ጎጆ?» አሉና እግራቸውን ማሸት ቀጠሉ። «ሰው መጥቶ በባዶ ሜዳ ሲስቅብኝ ልጄ ቆማ ከምታይ፣ ቡሬ ሄዳ የአክስቷን ልጅ ብታዝል ይሻላታል።»

«እኛ እናዋጣለን፤ እርስዎ ምንም አያወጡም።»

ቀና ብለው አዩኝ። ኧረ አስተያየት! «ድግሴን ሰው ሊደግስልኝ? ገና በሕይወት እያለሁ?» አሉ። ከዚያ በላይ ያን አሳብ ብደግመው በእግር ውሃው ያሳድዱኝ ነበር።

ወደ ጋሽ አንለይ ሮጥኩ። «እባክዎ ጋሽ አንለይ፣ የእትዬ ደብሬን ተራ እንዝለለው» ብዬ ለመንኳቸው። ጋሽ አንለይ ደነገጡ። «ተራ ይዘለላል? ሴትዮዋን ከሰው በታች ናት ልንላት ነው? ነውር ነው!» «እንግዲያስ ድግሱን ለሁሉም እናስቀረው።» «የተጀመረ ማኅበር ይፈርሳል? ጤና የለህም መምህር?» ሰውዬው ክፉ ቢሆኑ እኮ ይቀለኝ ነበር! ክፉ አይደሉም፤ ወገኛ ናቸው እንጂ። ለክፉ ሰው መላ አለው፤ ለወገኛ ግን ምን ይደረጋል?

እርር ድብን ብዬ ተመልሼ እትዬ ደብሬ ዘንድ ሄድኩ። ጭቃው ይህን ጊዜ ሌላኛውን ጫማ ያዘው። በሩ ላይ እንደቆምኩ ጮህኩ። «እትዬ ደብሬ! ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት እንመጣለን! ውሃ እንኳ አንጠይቅዎትም! ልጅቷ ታነባለች፣ እንሄዳለን፣ በቃ!» መልሳቸውን ሳልሰማ ዞርኩ። መንገዴን ለጋሽ አንለይ «ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት» ብዬ ነገርኩና ቤቴ ገባሁ። ጋሽ አንለይም ወዲያው በየቤቱ አስነገሩ።

ባለቤቴ ሰማችኝና ዓይኗን አፈጠጠች። «ሰኞ? ሰኞ እኮ ፍልሰታ ገብቷል!»

እርግጥ ነው፤ ሐምሌን በድግስ ስሮጥ ነሐሴ መግባቱን ማን አየው! ፍልሰታ ማለት እኛ አገር ሕፃን አዋቂ የሚጾመው ጾም ነው፤ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ውሃ የሚባል የለም። እኔ ደግሞ ለማኅበርተኛው ሁሉ ጠዋት ሦስት ሰዓት ብዬ ቀጠሮ ሰጠሁ! «ለመሆኑ አንተ ክርስቲያን ነህ?» አለችኝ ባለቤቴ። ጥያቄው ተገቢ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ አንለይ በሩን ደበደቡት። «በፍልሰታ ማኅበር! በጠዋት! ሰው ምን ይለናል?»

«ይቅርታ ጋሽ አንለይ፣ አሁኑኑ እንቀይረዋለን።»

«ሙሴ አንዴ ካስነገረ በኋላ ይቀይራል? ቃሌን ላጥፍልህ ነው?» አሉና እየተራገሙ ሄዱ። ቃል ከማጠፍ መራብ መረጡ፤ እንዲህ ነው የሚባል ሰው ናቸው።

ቢያንስ እትዬ ደብሬን ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ በዚያው ጭቃ ለሦስተኛ ጊዜ ወረድኩ። «ተሳስቼ ነው እትዬ ደብሬ፤ ፍልሰታ መሆኑን ዘንግቼው...» ስላቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«በፍልሰታ፣ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት?» አሉ።

«አዎ።»

«ማንም ምንም በማይቀምስበት?»

«አዎ... እኮ...»

«ይምጡ እንግዲህ! ቀኗን ንክች እንዳያደርጓት!» አሉኝ። እኔ የማንኩሳው የተማረ ሰው ነገሩ የገባኝ ግማሽ መንገድ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ሰኞ ዶፍ ዝናብ ነበር። ማኅበርተኛው ጧፍ መቀጣት ፈርቶ ሁሉም መጣ። ያችን ጎጆ ሞልተን፣ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተን ተቀመጥን። ማስታጠቢያ የለም፤ መሶብ የለም፤ ብርጭቆ የለም፤ ያለው ከነሻሹ የተቀመጠው መጽሐፍ ብቻ ነው። እትዬ ደብሬ ቀና ብለው፣ እንደማንኛውም ተረኛ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብለው ተቀመጡ። የሚጠበቅ ምግብ ስለሌለ የሚወራም ጠፋ። ተማሪዎቼ የሚያቀርቡት፣ የሚያነሱት ነገር አጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አሉ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይተያያል። ሆድ ሲጮህ ይሰማል፤ የማን እንደሆነ ግን ማንም አላመነም።

ጋሽ አንለይ ተቁነጠነጡ። «ታዲያ ምን ልንሠራ ነው የተሰበሰብን?» ብለው በቁጣ ጠየቁ።

ከዚያ አትጠገብ ተነሳች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ሻሹን ፈታችው። ክረምቱን ሙሉ ማንም ያልፈታውን ሻሽ! መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች፣ ጀመረች። ቀስ እያለች ነው የምታነበው፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ጎመን ዘር እየለቀመች። ተረቱ በቅሎው ስለጠፋችበት አንድ ነጋዴ ነበር። ሰውዬው እንግዳ ሆኖ ባደረበት ቤት በቅሎውን በር ላይ አስሮ ይተኛል፤ ጠዋት ሲነሳ የለችም።

«በምንድን ነው ያሰራት?» አሉ ጋሽ አንለይ።

አትጠገብ ወደ መጽሐፉ አየች። «አን... ገቷን... በገመድ» አለች።

«አንገቷን ብቻ? በቅሎ አንገቷን ብቻ ታስራ ታድራለች? የት አገር ነጋዴ ነው ይኼ!»

«ጋሽ አንለይ፣ የመጽሐፍ ሰው እኮ ነው» አለ አንድ ልጅ።

«የመጽሐፍ ሰው ቢሆንስ? በቅሎ በቅሎ ናት! ቀጥይ ልጄ፣ የት ሄደች?»

ቀጠለች። ነጋዴው መንደር ለመንደር ይዞር ጀመር። «ዳገቱ ላይ... ተ... ተን...» ብላ ቆመች። ይኸው፣ የፈራሁት መጣ፤ ጠፋባት፤ ክረምቱ በላው! ልነግራት አፌን ስከፍት እትዬ ደብሬ ጃኬቴን ጎተት አደረጉኝ። «ይተዋት» አሉኝ በዓይናቸው። «ተን... ከ... ባ... ለለ። ተንከባለለ!» አለች አትጠገብ። ቤቱ ሙሉ ተነፈሰ። ወይዘሮ የሺ «እሰይ የኔ ልጅ!» ብለው ጭብጨባ ጀመሩ፤ ጋሽ አንለይ «ዝም በሉ፣ ሰውዬው እኮ ወድቋል!» ብለው ገሠጿቸው። ሲደክማት የጋሽ አንለይ ልጅ ተቀበላት፤ ከእሱ ሌላዋ ነጠቀችው፤ «እኔ ልቀጥል፣ እኔ ልቀጥል» እያሉ ሊጣሉ ደረሱ። በንባብ ተጣሉ! በሕይወቴ የሚጣሉ ልጆች አይቼ ደስ ሲለኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ ደብሬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ማንበብ አይችሉም። በጣም ቀስ ብለው፣ ማንም እንዳይሰማቸው «መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አሁን ያለችው ሁሉ እዚያ ላይ አለ? ወይስ እንደ ድሮዋ ከራሷ ነው?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ገጹን አየሁላቸው። «አለ እትዬ ደብሬ። አንድም አልጨመረች፤ አንድም አልቀነሰች።»

ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱት፤ ይህን ጊዜ ሳቅ አልነበረም። «እንግዲያ ቡሬ ምን ትሠራለች?» አሉ ለራሳቸው። እኔም ወደ ግድግዳው ዞር ብዬ የሌለ ትንኝ አባረርኩ።

የቅዳሴው ደወል ሲደወል ነጋዴው ገና ሁለተኛው መንደር ላይ ነበር። ሰዉ እያዘነ ተነሳ። ወይዘሮ የሺ እንደ ደንቡ መጽሐፉን ለቀጣዩ ተረኛ ሊያስረክቡ እጃቸውን ሲዘረጉ ጋሽ አንለይ በቁጣ አስቆሟቸው። «የት ልትወስጅው ነው? በቅሎዋ ሳትገኝ? መጽሐፉ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አይልም! ነገ ጠዋት እዚሁ!»

«ኧረ እኔ ቤት መቀመጫም የለ» አሉ እትዬ ደብሬ።

«ተሸክመን እንመጣለን።»

አይ የማንኩሳ ሰው! ክረምቱን ሙሉ ስለማመጥ፣ ስቀጣ፣ ስበሰብስ ከርሜ ያላገኘሁትን፣ አንድ አንገቷን ብቻ የታሰረች በቅሎ አመጣችልኝ። በማግስቱ በጭቃው መንገድ ላይ ዱካ መቀመጫ በአናቱ፣ በርጩማ በትከሻው ያደረገ ሰው ተሰልፎ ሲወርድ አየሁ። እኔ ጫማዬን ከጭቃ ስመዝ ዘገየሁ። ስደርስ ቤቱ እስከ ደጃፉ ሞልቷል። ለመሥራቹ መቀመጫ ያስቀረለት የለም፤ ፈቀቅ ያለለትም የለም። ከጣራው ጠርዝ ሥር ቆምኩ፤ ጠፈጠፉ በቀጥታ ኮሌታዬ ውስጥ ይገባል።

አትጠገብ እያነበበች ነበር። ከትናንቱ ፈጥናለች። ፈጥናም አራት ነጥቡን ሳትቆም አለፈችው። አይ መምህርነት፤ አላስችል አለኝ። አንገቴን በበሩ አስገብቼ «አትጠገብ! አራት ነጥቡ ላይ ቆም በይ እንጂ!» አልኩ።

ቤቱ ሙሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ጋሽ አንለይ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። አትጠገብ ግን ቀና እንኳ አላለችም። ጣቷን ከመስመሩ ላይ ሳታነሳ «ቲቸር፣ እባክዎ ዝም ይበሉ፤ እያነበብኩ ነው» አለችኝ።

አንገቴን ከበሩ አወጣሁና ጠፈጠፉ ሥር ቆሜ አዳመጥኩ።